መምህሩና መሣሪያው፦ አመለካከት ከየት ይመነጫል?



የዛሬው ርእሴ መምህራን በክፍል ውስጥ በቴክኖሎጂ ስለ መጠቀም ያላቸው አመለካከት ነው። በየስብሰባው «መምህራን ለውጥ አይወዱም» ሲባል እንሰማለን። እኔም ይህን ብያለሁ፤ በጽሑፍም አስፍሬዋለሁ። ዛሬ የማስረዳው ይህ አባባል ለምን ጎዶሎ እንደ ሆነ ነው።

ከጽንሰ ሐሳቡ እንነሣ። ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት ሰዎች አንድን ቴክኖሎጂ የሚቀበሉት ወይም የሚተዉት በሁለት ግምቶች ተመርተው እንደ ሆነ አስረድቷል፤ «ይጠቅመኛልን?» እና «ያለ ብዙ ድካም ልሠራበት እችላለሁን?» የሚሉት ናቸው። ፔጊ ኧርትመር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የመምህራንን መሰናክሎች በሁለት ከፍላ አየች። አንደኛዎቹ ከመምህሩ ውጭ ያሉ ናቸው፤ የመሣሪያ፣ የጊዜ፣ የሥልጠናና የድጋፍ እጥረት። ሁለተኛዎቹ በውስጡ ያሉ ናቸው፤ ስለ ማስተማርና ስለ መማር ያለው እምነት፣ የለመደው አሠራር። እኔ በእነዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። መምህር በአዲስ መሣሪያ ፊት ሲቆም «በዚህ ክፍል ውስጥ የእኔ ድርሻ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ለዚህ ከአገራችን የፕላዝማ ትምህርት የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ብቁ መምህር ባልተዳረሰበት ወረዳ ያለ ተማሪም በከተማ ካለው እኩል እንዲማር ነው። ጥቅምም ነበረው። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይን ታየ። ነገር ግን ትምህርቱ አስቀድሞ የተቀረጸ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥና በተወሰነለት ሰዓት ለሁሉም የሚተላለፍ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ የሚወስደው ፕላዝማው ነው። ለመምህሩ የቀረው መግቢያውና ማጠቃለያው ብቻ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የፊዚክስ መምህር ነበርሁ። አንድ ቀን ስለ ሰበቃ ትምህርት እየተላለፈ ሳለ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አነሣች። ወደ እርሷ እስክደርስ ፕላዝማው ወደ ሌላ ምሳሌ ተሻገረ። ተማሪዋም እጇን አወረደች፤ እኔም ወደ ጥጌ ተመለስሁ። በሳምንቱ መብራት ጠፋ። ጠመኔ አንሥቼ ያልተጠየቀውን ጥያቄ እንድትነግረኝ ለመንኋት። እርሷ ተናግራ ሳትጨርስ የብዙ ተማሪዎች እጅ ተነሣ። ያን ዓመት አመለካከታችንን የሚጠይቅ መጠይቅ በታደለን ጊዜ ግን «እጅግ ጠቃሚ ነው» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። መጠይቁን የሚሰበስበው አለቃዬ ነበርና።

ይህን ያሳለፍሁ ሰው ከዓመታት በኋላ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ለልምምድ የወጡ ተማሪዎቻችንን ለመከታተል ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ፕሮጀክተር እያለ የማይጠቀም አንድ አንጋፋ መምህር አገኘሁና በሪፖርቴ «ቴክኖሎጂን ይቃወማል» ብዬ ጻፍሁ። በሌላ ጊዜ ሻይ እየጠጣን ምክንያቱን ጠየቅሁት። ፕሮጀክተሩን ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 ፈርሞ የሚረከበው እርሱ ነው። ቢሰበር ከደመወዙ ይከፍላል። የሚያወጣበት ቁልፍ ደግሞ ሁልጊዜ በማይገኝ ሰው እጅ ነው። «ዶክተር፣ እኔ የምፈራው ዕዳውን ነው» አለኝ። የእኔ ሪፖርት ግን ያን ጊዜ ከሚመለከተው ክፍል ደርሶ ነበር። አሁንም ያ ዓረፍተ ነገር በማኅደሩ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

አሁን ተቃራኒውን እንመልከት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በከተሞች ብዙ መምህራን በቴሌግራም ማስታወሻና ጥያቄ ለተማሪዎቻቸው ይልኩ ጀመር። ብዙዎቹ ለዚህ የተለየ ሥልጠና አልወሰዱም። ለውጥ አይወድም የተባለው መምህር ስለምን እዚህ ላይ ፈጠነ? መሣሪያው በእጁ ያለ የራሱ ስልክ ነው። ሲፈልግ ያቆመዋል፤ ተማሪው ሲጠይቅ ይመልስበታል። የመምህርነት ድርሻውም አልተነካም። እርግጥ ስልክና ኢንተርኔት የሌለው የገጠር ተማሪ ከዚህ ዕድል ውጭ ሆኗል፤ ይህም ሌላ ትልቅ የፍትሕ ጥያቄ ነው። የመምህራኑ ፈቃደኝነት ግን የሚካድ አልነበረም።

ከዚህ የምንረዳው አመለካከት ብዙውን ጊዜ መምህሩ ካሳለፈው ልምድ የወጣ ፍርድ መሆኑን ነው። ፍርዱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ሙያውን ማሻሻል ቸል ያለ፣ ማስታወሻውን ለዓመታት ያልቀየረ መምህርም አለ። ነገር ግን ምክንያቱን ሳንመረምር ስም ብንሰጠው ችግሩ ባለበት ይኖራል። ሥልጠናና የጥገና በጀት ሳይታሰብ መሣሪያ በጥድፊያ ሲታደልም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ብሂል ይፈጸማል።

ስለዚህ በዚህ ርእስ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምታዘጋጁ ተማሪዎቼ ምክሬ አጭር ነው። በመጠይቅ ብቻ አትርኩ፤ ክፍል ገብታችሁ ተቀመጡ። መሣሪያው በማን ፊርማ እንደሚወጣ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠየቅ፣ ተማሪ እጁን ሲያነሣ መምህሩ ማቆም ይችል እንደ ሆነ ተመልከቱ። ዛሬ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደየክፍላችን እየገባ ነው። ነገ እናንተ የሥልጠና ባለሙያ፣ ርእሰ መምህር ወይም ሱፐርቫይዘር ሆናችሁ ስለ ሌላ መምህር ሪፖርት ትጽፋላችሁ። «ይቃወማል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ የጠየቅሁት ከጻፍሁ በኋላ ነበር።