ጥሩ ውሃና የጠራ ውሃ
ስለ ዓሣ ገንዳ ውሃ ምርመራ ቃላት

በአማርኛ «ጥሩ» የሚለው ቃል ዛሬ መልካም የሆነውን ሁሉ ያመለክታል፤ ጥሩ ሰው፣ ጥሩ ወሬ፣ ጥሩ ምርት እንላለን። የቃሉ ግንድ ግን «ጠራ» ነው፤ በግዕዝ «ጸረየ»፣ ቅጽሉም «ጽሩይ»። ስለዚህ «ጥሩ ውሃ» ስንል ቋንቋው ራሱ ድፍርስ ያልሆነውን፣ ታቹ የሚታየውን ውሃ ማለቱ ነው። ለምንጭና ለእንስራ ይህ አነጋገር ብዙ ዘመን አገልግሏል። በቤቱ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ለሚያሳድግ ሰው ግን ቃሉ ያሳስተዋል፤ ዓሦቹን በአንድ ሌሊት ሊጨርስ የሚችለው መርዝ ቀለምም ድፍርስም የለውምና።

ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያደረገን አንድ ወዳጃችን ያመጣልን ወረቀት ነው። የውሃ መመርመሪያውን መግለጫ ለራሱ ወደ አማርኛ መልሶት ነበር፤ እንድናርምለትም ሰጠን። ከወረቀቱ አንድ ስፍራ «ናይትሬት ከዜሮ እንዳይበልጥ» ይላል፤ ጥቂት መስመሮች ዝቅ ብሎ ደግሞ «ናይትሬት እስከ 40 ሚሊግራም በሊትር ቢደርስ አያሰጋም»። ፊተኛው «ናይትራይት» መሆን ነበረበት። ወዳጃችን ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለ ወሰዳቸው በሁለተኛው ተጽናንቶ ተቀመጠ፤ ወረቀቱ በእጃችን ሲገባ ገንዳው ባዶ ነበር። ውሃው ግን፣ እርሱ እንደሚለው፣ እስከ መጨረሻው «እንደ መስታወት ጥሩ» ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ከበላው ምግብ የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በመተንፈሻው በኩል አሞኒያ አድርጎ ወደ ውሃው ያስወጣል፤ ያልተበላ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም ይጨምሩበታል። በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ከኦክሲጅን ጋር አዋሕደው ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ያደርሱታል። አሞኒያ የዓሣውን መተንፈሻ ያቈስላል። ናይትራይት ወደ ደሙ ገብቶ ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያግደዋል፤ ደሙ ቡናማ ይሆናል፤ ዓሣውም አየር ባልጐደለው ውሃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ናይትሬት ግን ከሁለቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ የለዘበ ነው፤ ውሃውን በየጊዜው በከፊል በመቀየር ይቀነሳል። አዲስ ገንዳ ባክቴሪያዎቹን እስኪያፈራ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ምርመራው ከምንጊዜውም ይልቅ የሚያስፈልገውም ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ሞትና ሕይወትን የሚለዩት ሁለቱ ስሞች በአማርኛ ጽሕፈት የሚለያዩት «ራይ» እና «ሬ» በሚሉት ብቻ ነው። ልዩነቱ በአፍ ከዚህም ይጠባል። በዐረብኛ «በይት» የሚባለው በእኛ «ቤት» እንደሆነ ሁሉ፣ «ራይ» በፈጣን ንግግር ወደ «ሬ» ይጠጋል። አገርኛ ስም ብንፈጥርስ? ይህን ዐስበንበት ትተነዋል፤ ተጠቃሚው በጠርሙሱ ላይ የሚያገኘው ዓለም አቀፉን ስም ስለሆነ፣ አዲስ ስም ሦስተኛ ግራ መጋባት ከመጨመር አያልፍም። ይልቁንስ የለውጡን ተራ ከስሙ ፊት እናስቀድም እንላለን፤ ፩ አሞኒያ፣ ፪ ናይትራይት፣ ፫ ናይትሬት። ቁጥሩ ቢነበብ ስሙ ቢሳሳት እንኳ አንባቢው ይድናል። «ናይት.» እያሉ ማሳጠር ግን ከቶ አይገባም።

«ማጣሪያ» የሚለው ቃልም ከዚያው ከ«ጠራ» የወጣ ነው፤ ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ዕቃው ስሙ እንደሚለው ውሃ የሚያጠራ ብቻ የመሰለው ሰው፣ በውስጡ ያለውን ስፖንጅ አውጥቶ ክሎሪን ባለበት በቧንቧ ውሃ እስኪነጣ ያጥበዋል። በዚህም አሞኒያውን የሚያበርዱለትን ባክቴሪያዎች ይፈጃል። ስፖንጁ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ ተደርጎ መመለስ አለበት። የዕቃውን ስም መለወጥ አይቻልም፤ ተለምዷል። ስፖንጁን ግን «የባክቴሪያ ማደሪያ» ብንለው ሥራው ከስሙ ይታወቃል። ከቆየ ገንዳ ተወስዶ አዲሱን ገንዳ ለማስጀመር የሚጨመረው ቁራጭ ስፖንጅ ደግሞ «እርሾ» ይባል። ሊጥ አቡክታ የምታውቅ ሁሉ ያለ ማብራሪያ ትረዳዋለች፤ እንደዚህ ያለ ስም ሁልጊዜ አይገኝም።

«ፒኤች»ን «አሲድነት» ብለው የተረጐሙ አሉ። አንቀበለውም፤ አሲድነቱ ሲጨምር ቁጥሩ የሚቀንስ ስለሆነ «አሲድነት 8» ብሎ መጻፍ አንባቢን ተቃራኒ መንገድ ይሰዳል። መለኪያውን ዴንማርካዊው ሶረንሰን በ1909 (እ.ኤ.አ.) ሲያወጣው በአንድ ቁጥር ልዩነት የዐሥር እጥፍ ለውጥ እንዲታይበት አድርጎ ነው። ይህ ለዓሣ አሳዳጊው ተራ ነገር አይደለም። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ፒኤች 7 በሆነ ውሃ ውስጥ፣ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛም በሆነው መልክ የሚገኘው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ሲሆን ግን ወደ 5 በመቶ ይደርሳል። የተለመዱት መመርመሪያዎች የሚያሳዩት ጠቅላላውን ነው። ስለዚህ «ጠቅላላ አሞኒያ» እና «ነጻ አሞኒያ» የሚሉት ሁለት ቃላት በመግለጫዎች ላይ ተለይተው ይጻፉ።

ስለ ካልሲየምና ማግኒዚየም መጠን በአጭሩ እንለፍ። «ከባድ ውሃ» የሚለው በፊዚክስ ዲዩቴሪየም ያለበትን ውሃ ስለሚያመለክት ለዚህ አይሆንም፤ «ለስላሳ ውሃ» ቢባልም ሰው ጠርሙስና መክፈቻ ይፈልጋል። «ጠንካራ» እና «ልስልስ» ይሻላሉ፤ ሳሙና የማያረፋበትና የሚያረፋበት ብሎ መተርጐምም ነውር የለበትም።

«ምርመራ» እና «ክትትል»ም መለየት አለባቸው። ምርመራ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ክትትል ግን ቀኑ፣ ሰዓቱና ሙቀቱ እየተመዘገበ ከትናንቱ ጋር የሚነጻጸር ነው። ውጤቱ የሚነበበው ከቀለም ሰሌዳ ጋር በማስተያየት ስለሆነ ቀለሞቹን በቃል መዘርዘር አይበቃም። «ሐምራዊ» ሲባል አንዱ ወይን ጠጅ፣ ሌላው ደማቅ ሮዝ ይታየዋል፤ ሰሌዳው ራሱ ከትርጉሙ ጋር ይታተም።

በመጨረሻ ስለ አንድ ግሥ። የ፫ ናይትሬት ምርመራ የሚሠራው ናይትሬቱን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት በመመለስ ነው፤ ይህን የሚያደርገው ንጥረ ነገር በጠርሙሱ ታች ስለሚዘቅጥ ካልተማሰለ ውጤቱ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣል። ወዳጃችን «ይነቅነቅ» ብሎ ተርጉሞት ነበር፤ እንደ መድኃኒት ጠርሙስ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዝወዝ አድርጎ ይተወዋል። እኛ «ቢያንስ ለግማሽ ደቂቃ ይናጥ» ብለን አርመነዋል።