በእሳት አደጋ ሕግ ትርጉም ውስጥ መለየት የሚገባቸው ቃላት

ሕግ ተርጓሚ በአንድ ቃል ምርጫ ግዴታን ሊያጠብቅ ወይም ሊያላላ ይችላል። በእሳት አደጋ ሕግ ደግሞ የቃላት መደበላለቅ የሰውን ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ሦስት አሳሳች ጉዳዮች ተራ በተራ ይቀርባሉ።

የመጀመሪያው «መከላከል» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ በዕለት ንግግር አደጋ እንዳይነሣ ማድረግንም፣ የተነሣውን መመከትንም ያመለክታል። ሕጎች ግን ሁለቱን ይለያሉ። የኤሌክትሪክ መስመርን መመርመርና ነዳጅን ከምድጃ ማራቅ እሳት እንዳይነሣ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ደወልና የአደጋ ጊዜ መውጫ ግን እሳቱ ከተነሣ በኋላ ጉዳቱን ለመቀነስ የሚያገለግሉ ናቸው። ስለዚህ ለፊተኛው «ቅድመ መከላከል»፣ ለኋለኛው «ከእሳት መጠበቂያ»፣ ለነፍስ አድንና ለውሃ ርጭት ሥራ ደግሞ «እሳት ማጥፋትና ማዳን» ቢባል አንቀጹ ማንን እንደሚያስገድድ ግልጽ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው የሕንፃው ባለቤት ግዴታ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው የአደጋ ሠራተኞች ተግባር ነውና።

ሁለተኛው «የማይቃጠል» እና «እሳት የሚቋቋም» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ብዙ ተርጓሚዎች ሁለቱን እንደ ተመሳሳይ ይወስዷቸዋል። ይሁን እንጂ ብረት የማይቃጠል ቢሆንም ሙቀቱ ወደ 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ጥንካሬው ወደ 60 ከመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ሽፋን የሌለው የብረት ምሰሶም ሳይቃጠል ሊታጠፍ ይችላል። በአንጻሩ ወፍራም የእንጨት ወራጅ የሚቃጠል ቢሆንም ውጫዊ ገጹ ከስሎ ውስጡን ስለሚሸፍንለት ለተወሰነ ጊዜ ጭነቱን ተሸክሞ ይቆያል። እንግዲህ «የማይቃጠል» የቁሳቁስ ጠባይ ነው፤ «እሳት የሚቋቋም» ግን የግድግዳ፣ የበር ወይም የምሰሶ ብቃት ሆኖ ሁልጊዜ በጊዜ ይለካል። «60 ደቂቃ የሚቋቋም ግድግዳ» ሲባል እንደየአገልግሎቱ ጭነት መሸከሙ፣ ነበልባል አለማሳለፉና ሙቀትን መገደቡ ተፈትኖ የተረጋገጠ ማለት ነው። ደቂቃው ያልተጠቀሰበት ትርጉም ጎዶሎ ነው።

ሦስተኛው የእሳት ማጥፊያ መሣሪያዎች ምድብ ነው። በአውሮፓ ደረጃ «ሲ» የተባለው ምድብ የጋዝ እሳትን ያመለክታል፤ በአሜሪካ ደረጃ ግን ያው ፊደል ኤሌክትሪክ ባልተቋረጠበት ዕቃ ላይ የተነሣ እሳት ማለት ነው። የምግብ ዘይት እሳትም በፊተኛው «ኤፍ»፣ በኋለኛው «ኬ» ይባላል። ተርጓሚው የደረጃውን አገር ሳይጠቅስ ፊደሉን «ሐ» ብሎ ቢመልሰው አንባቢው መሣሪያውን ላልተሠራበት እሳት ሊያነሣ ይችላል። ከዚህም ሌላ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ መድቦ ስለነበር፣ እነዚሁኑ ፊደላት ለእሳት ዓይነት መጠቀም ሌላ መደናገር ይጨምራል። የተሻለው መንገድ የውጭውን ፊደል እንዳለ ጠብቆ፣ ከጎኑ «የጋዝ እሳት» ወይም «የኤሌክትሪክ እሳት» ብሎ መጻፍ ነው።

በጠቅላላው መዝገበ ቃላት አዘጋጅ እነዚህን ቃላት ሲፈታ አቻ ቃል በመስጠት ብቻ መወሰን የለበትም። ድርጊቱ ከእሳቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የቁሳቁስ ጠባይ ነው ወይስ የተፈተነ ብቃት? የየትኛው አገር ደረጃ ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የያዘ ፍች፣ ሕግ አርቃቂውንም የእሳት አደጋ ሠራተኛውንም በአንድ ቋንቋ ያግባባል።