ውጅግራን በሩቅ ዒላማ ላይ ለመተኮስ፦ ለጀማሪ ጥቂት ምክር

ስለ ዓድዋ ስናወራ ውጅግራና ሰናድር ከአፋችን አይጠፉም። ለመሆኑ የእነዚህን ጠመንጃዎች ጠባይ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው የመረጡት “ፉዚ ግራ” ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ መሣሪያ ይቆጠራል፤ ሆኖም የክፍለ ግዛት ሕግ ሊለይ ስለሚችል፣ መግዛት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ጠመንጃው በእጅ ሲገባ መጀመሪያ መዝጊያውንና የበርሜሉን ውስጥ ለባለሙያ ማስመርመር ግድ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የባሩድ ጉዳይ ነው። ውጅግራ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ ጭስ አልባ ባሩድ ከተሞላበት ሊፈነዳና ተኳሹን ሊገድል ይችላል። በቀልሃው ውስጥም በባሩዱና በእርሳሱ መካከል ባዶ ቦታ መተው አደገኛ ነው።

ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከግማሽ በላዩ ጭስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ጥላሸቱ በበርሜሉ ውስጥ ሲደርቅ ቀጣዩ ጥይት ከመስመር ይወጣል። ስለዚህ የሩቅ ዒላማ ተኳሾች ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በቀጭን ቱቦ ወደ በርሜሉ እየተነፈሱ ጥላሸቱን በትንፋሻቸው እርጥበት ያለሰልሳሉ፤ ወይም እርጥብ ጨርቅ ያሳልፋሉ። ማታ ደግሞ በርሜሉን በውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት መቀባት ነው። ያልታጠበ ጠመንጃ ፈጥኖ ይዝጋል።

የውጅግራ እርሳስ 25 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከአፈሙዙ የሚወጣውም በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው። በዚህ ፍጥነት አየር ባያግደው እንኳ 500 ሜትር እስኪደርስ ከ6 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ አየሩ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ጀማሪ በ100 ሜትር ይጀምር። በየጊዜው ያው የባሩድ መጠን፣ ያው እርሳስ፣ ያው አጠራረግ ይኑር፤ ጥይቶቹ አንድ ላይ ማረፍ ሲጀምሩ ወደ 200፣ ከዚያም ወደ 300 ይለፍ። በየርቀቱ የማነጣጠሪያውን ከፍታና የነፋሱን አቅጣጫ በደብተር ይመዝግብ። ትዕግሥት የሌለው በዚህ ሥራ አይሳካለትም።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ መዝናኛው ብቻ አይደለም። ሃያ ጥይት ተኩሶ በጭስ የታፈነ ሰው፣ በ1888 ዓ.ም. ይህንኑ ጠመንጃ ይዘው ዓድዋ የዋሉት አባቶቻችን ርቀት መገመት፣ ጥይት መቆጠብና መሣሪያ መንከባከብ ይጠበቅባቸው እንደነበር በእጁ ይረዳዋል። ጀግንነታቸውን ሁሌም እናወድሳለን፤ ሙያቸውንም ብናውቅላቸው መልካም ነው።