አንዲት ግብ የለየቻቸው የቦስተን ባላንጣዎች

እ.አ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2016 በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ለዋንጫ ተገናኙ። መደበኛው 60 ደቂቃ ያለ ግብ ተጠናቀቀ። በጭማሪው ሰዓት የቦስተን ኮሌጁ አሌክስ ታክ ያስቆጠራት ብቸኛ ግብ ቦስተን ዩኒቨርሲቲን ባዶ እጁን ሸኘችው። ለመሆኑ በእነዚህ ባላንጣዎች መካከል የሚደረግ የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ይህን ያህል የሚያንገራግረው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት ጉርብትና ነው። ሁለቱ ተቋማት የሚገኙት ኮመንዌልዝ በተባለው አንድ ጎዳና ላይ ሲሆን፣ የሚያገናኛቸውም ግሪን ላይን የተሰኘው የከተማ ባቡር ነው። በአንድ ሊግ ስለሚወዳደሩ በየዓመቱ ደጋግመው ይገናኛሉ። አንዱ የሌላውን የማጥቃት ስልትና የተጫዋቾቹን ልማድ አብጠርጥሮ ስለሚያውቅ ተጋጣሚን በአዲስ ነገር ማስደንገጥ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የጨዋታው ባሕርይ ነው። እያንዳንዱ ቡድን በበረዶው ላይ ስድስት ተጫዋቾች ይኖሩታል፤ አንድ ግብ ጠባቂ፣ ሁለት ተከላካዮችና ሦስት አጥቂዎች። የሚጫወቱበት ፓክ 170 ግራም ገደማ የሚመዝን ጠፍጣፋ ጎማ ሲሆን፣ በሜዳው ላይ እንዳይነጥር አስቀድሞ ይቀዘቅዛል። የግቡ አፍ 1 ነጥብ 83 ሜትር ስፋትና 1 ነጥብ 22 ሜትር ከፍታ ብቻ ስላለው፣ ወፍራም መከላከያ የለበሰ ግብ ጠባቂ አብዛኛውን ይሸፍነዋል።

ከእግር ኳስ በተለየ ተጫዋቾች ጨዋታው ሳይቆም፣ ቁጥሩ ሳይገደብ ይቀያየራሉ። አንድ ተጫዋች በአንድ ጊዜ በበረዶው ላይ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነው። ግብ ጠባቂው ግን እንደ ጓደኞቹ ወጥቶ አያርፍም፤ ሙሉውን ጨዋታ በትኩረት መቆም ግዴታው ነው። በ2016ቱ ፍጻሜ የቦስተን ኮሌጁ ታቸር ዴምኮና የቦስተን ዩኒቨርሲቲው ሾን ማግዋየር 60 ደቂቃ ሙሉ ግባቸውን አላስደፈሩም።

የዋንጫ ጨዋታ ደግሞ አቻ መለያየትን አይቀበልም። በጭማሪው ሰዓት ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል። እግር ኳስ ሞክሮ የተወው የ«ወርቃማ ግብ» ሕግ በበረዶ ሆኪ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ግብ የተቆጠረበት ቡድን አቻ ለመሆን ሌላ ዕድል ስለሌለው፣ አንድ የተሳሳተ ቅብብል ወይም አንድ የዘገየ ቅያሪ የዓመቱን ድካም ገደል ሊከተው ይችላል።

የተፋለሙበት ውድድር ቢንፖት ይባላል። ትርጉሙ «የቦሎቄ ማሰሮ» ሲሆን፣ ስሙም ቦስተን ከምትታወቅበት የቦሎቄ ወጥ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዋንጫውም የማሰሮ ቅርጽ አለው። እ.አ.አ. በ1952 የተጀመረው ይህ ውድድር ከሁለቱ በተጨማሪ ሃርቫርድንና ኖርዝኢስተርንን ያሳትፋል። በተለምዶ በፌብሩዋሪ ወር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰኞዎች የሚካሄድ ሲሆን፣ ፍልሚያውን የሚያስተናግደው ከ17 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የቲዲ ጋርደን አዳራሽ ነው።

ቢንፖትን ማሸነፍ ለብሔራዊው ሻምፒዮና በቀጥታ አያሳልፍም። ሽልማቱ በከተማዋ ውስጥ ለአንድ ዓመት የሚዘልቅ ክብር ነው። ይሁን እንጂ አንድ ተማሪ በአራት ዓመት የትምህርት ቆይታው ዋንጫውን የማንሳት ዕድል የሚያገኘው ቢበዛ አራት ጊዜ ነው። ስለዚህም የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ለሆነ ተሸናፊ «በሚቀጥለው ዓመት እንክሳለን» የሚባል መጽናኛ የለም።

የታክ ግብ ለቦስተን ኮሌጅ 20ኛውን የቢንፖት ዋንጫ አስገኝታለች። ያን ምሽት የተሸነፈው ቦስተን ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ እስከዚያ ጊዜ ድረስ 30 ዋንጫዎችን ሰብስቦ ነበር። ታክና ዴምኮ በኋላ በሰሜን አሜሪካው ታላቅ የፕሮፌሽናል ሊግ ለመጫወት በቅተዋል።