ፆም ሳይገባ የበላነው ካትሱ

የልጅ ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከፋሲካ ወዲህ ምግብ አቁማለች ማለት ይቻላል። ጠዋት ሻይ፣ ማታ ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ በሯን ዘግታ ከደብተሯ ጋር። ባለቤቴ ዶሮ ወጥ ሠራችላት፤ አልነካችውም። ፓስታ ቀረበላት፤ ወደ ጎን ገፋችው። «ምን ሆነሻል?» ስንላት መልሷ «ምንም» ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ከልጅ አፍ የሚወጣ «ምንም» ባዶ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዴት እንደማስከፍተው ግን ጠፋኝ።

አንድ ማታ ገበታ ላይ ሳለን «የጃፓን ተማሪዎች በፈተና ዋዜማ ካትሱ ይበላሉ» አለች። በምትወዳቸው የጃፓን ካርቱኖች ያየችው ነው። ካትሱ በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ በዘይት የሚጠበስ ሥጋ ነው። ቃሉ በጃፓንኛ «ማሸነፍ» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ አንድ ስለሆነ ተፈታኞች ለመልካም ዕድል ይበሉታል። ከሳምንታት በኋላ ስለ ምግብ ስታወራ መስማቴ ነበርና «እኔ እሠራልሻለሁ» አልኩ። ባለቤቴ ሳቀች። እስከዚያ ቀን ማድ ቤት የምገባው ውኃ ለመጠጣት ብቻ ነበር።

የአስተማሪ ነገር፣ ከምጣዱ በፊት ታሪኩን አገላበጥኩ። ጃፓኖች ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ከአብዛኛው ሥጋ ርቀው ኖረዋል። በ1872 (ዘመኑ በአውሮፓውያን ነው) ንጉሠ ነገሥት ሜጂ የበሬ ሥጋ መብላታቸው በይፋ ከተነገረ በኋላ የምዕራባውያን ምግብ በከተሞች ተስፋፋ። በ1895 ቶኪዮ፣ ጊንዛ ሠፈር የተከፈተው ሬንጋቴይ የተባለ ምግብ ቤት ሥጋውን ብዙ ዘይት ውስጥ አስጥሞ መጥበስና ከጥሬ ጥቅል ጎመን ጋር ማቅረብ እንደጀመረ ይነገርለታል። ያኔ ሥጋው የአሳማ ነበር። ስሙም እኛ በጣሊያኖች በኩል «ኮቶሌት» የምንለው ቃል ዘመድ ነው። ጃፓኖቹ «ካትሱሬትሱ» አሉት፤ አጠር ሲል «ካትሱ» ሆነ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አሳፋሪ ነበር። ዶሮውን ባለቤቴ ለወጥ እንደምታደርገው በሎሚና በጨው አጥቤ፣ ውኃው ሳይንጠፈጠፍ ዱቄት ውስጥ ከተትኩት። ዱቄቱ ሊጥ ሆነ። ዘይቱም ከመጠን በላይ ግሎ ስለነበር ውጭው ጠቆረ፣ ውስጡ ጥሬ ቀረ፣ ልባሱም ተገፎ መጥበሻው ላይ ተንሳፈፈ። ባለቤቴ አይታ «ዶሮህ ልብሷን አወለቀች» አለችኝ። ቀጥላም «የሐዋርያት ፆም ሊገባ ነው፤ የምትሠራ ከሆነ ፍጠን» አለች።

በሁለተኛው ቅዳሜ የልጅ ልጄን «ነይ አግዥኝ» ብዬ ጠራኋት። ለአራት ሰው ሁለት ትልልቅ ፈረሰኛ ያለ አጥንት ገዛን፤ የፈረንጅ ዶሮ ይሻላል፣ ያበሻው ለዚህ ይጠነክራል። እያንዳንዱን በአግድም ለሁለት ሰንጥቀን፣ በላስቲክ ሸፍነን፣ በመዳመጫ ቀስ እያልን ውፍረቱ አንድ ጣት እስኪሆን መታነው። ከዚያ በሶፍት አደረቅነው። ዋናው ምሥጢር ይኸው ነው፤ እርጥብ ሥጋ ልባስ አይዝም። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነሰነስንበት።

ለፍርፋሪው ከዋዜማው የተረፈ ፉርኖ ዳቦ ጠርዙን ቆርጠን ጣልን፣ ነጩን በመፈቅፈቂያው ሰፊ ቀዳዳ ፈቅፍቀን ትሪ ላይ አሰጣነው። ደቆ ዱቄት ከሆነ ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል፤ ሸካራ ሲሆን ግን ይንኮሻኮሻል።

ሦስት ሳህን ደረደርን፦ ዱቄት፣ የተመታ ሁለት እንቁላል፣ ፍርፋሪ። እኔ ዱቄቱን እያራገፍኩ እንቁላሉ ውስጥ እነክራለሁ፣ እሷ ፍርፋሪውን በመዳፏ ትጫናለች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ «አባባ፣ ብወድቅ ታፍርብኛለህ?» አለችኝ።

እጄ እንቁላል ውስጥ እንዳለ ቀረ። ለጎረቤቱ፣ ለዕድርተኛው፣ ለባለሱቁ ሳይቀር «ይቺ የኛ ዶክተር ናት» እያልኩ ሳስተዋውቃት መክረሜ ትዝ አለኝ። እኔ ማሞገሴ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ዕዳ ስትሸከመው ኖራለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ በስምሽ ነው የምጠራሽ። ብትወድቂም እዚሁ ማድ ቤት አብረን እንቆማለን።» መልስ አልሰጠችኝም። አፍንጫዋን በክንዷ ጠርጋ አራተኛውን ሥጋ ተቀበለችኝ።

የተለበጠውን አሥር ደቂቃ ያህል አሳረፍነው። ዘይቱ ሁለት ጣት ይጠልቃል፤ ሙቀቱ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያ ለሌለው፣ ፍርፋሪ ጣል አድርጉበት። ታች ከቀረ አልሞቀም፤ አረፋ እያወጣ ቶሎ ከተንሳፈፈ ደርሷል፤ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱን ቀንሱ። አንድ ወይም ሁለቱን ብቻ እየጨመራችሁ በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ደቂቃ ያህል ጥበሱ። ወፍራሙን ቦታ ቆርጣችሁ ስታዩ ሥጋው ነጭ፣ ፈሳሹም ጥርት ያለ መሆን አለበት። ሶፍት ላይ ካስቀመጣችሁት ሥሩ ይረጥባል፤ የሽቦ ወንፊት ላይ አንጠፍጥፉት። ጥሬ ዶሮ የነካውን ቢላና መክተፊያ በሳሙና እጠቡ፣ ትንንሽ ልጆችን ከዘይቱ አርቁ። ዘይት እሳት ቢይዝ በክዳን ይታፈናል እንጂ ውኃ አይደፋበትም።

በጣት ልክ ቆራርጠን፣ ከሩዝና እንደ ፀጉር ቀጥኖ ከተከተፈ ጥቅል ጎመን ጋር አቀረብነው። ማባያው ሦስት ማንኪያ ካቻፕ፣ አንድ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ ትንሽ ስኳርና ጥቂት ጠብታ አቼቶ ነው። ልጅቷ የራሷን ጨርሳ ከእኔ ሳህን አነሳች። ባለቤቴም ቀምሳ «አሁን ለብሳለች» አለች።

ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ሻንጣዋን ይዛ ሄዳለች። የሄደች ዕለት ፆም ነበርና በሽሮ ሸኘናት። አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል «አባባ፣ ፆሙ ሲፈታ ዳቦ አድርቀህ ጠብቀኝ» አለችኝ። ውጤቱ ገና ነው። ዳቦው ግን ትሪ ላይ ተሰጥቷል።