ቃል፥ ዜማና ቀለም በአብነት ጉባኤ

ልሳንንና ሥነ ጽሑፍን፥ ዜማንና ሥዕልን በአንድ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር አጣምሮ የሚያስተምረው የአብነት ትምህርት ቤት፥ የታነፀ አዳራሽና የታተመ መርሐ ግብር ሳይኖረው፥ በአንድ መምህር ቃልና በደቀ መዛሙርቱ ጎጆዎች ብቻ ጸንቶ፥ ለብዙ ምእተ ዓመታት የሀገራችን ከፍተኛ የጥበብ ጉባኤ ሆኖ ኖሯል። የሚሰጠው ትምህርት ብዛቱ የሚያስደንቅ ቢሆንም፥ ይልቁን የሚያስደንቀው ጉባኤው የሚመራባቸው ሁለት ሕግጋት ናቸው። በዜማ ቤት ደቀ መዝሙሩ ከተቀበለው አንዲት ድምፅ እንዳይጨምርና እንዳይቀንስ ይታዘዛል፤ በቅኔ ቤት ግን ትናንት የተባለውን ዛሬ እንዳይደግም ይታዘዛል። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ሰው ልቡና እንዴት እንደሚስማሙ ያስተዋለ፥ የጉባኤውን ምሥጢር አገኘ ማለት ነው።

የሁሉም መግቢያ ንባብ ቤት ነው። ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፥ አቡጊዳን ተሻግሮ፥ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ወንጌል፥ ከወንጌልም ወደ መዝሙረ ዳዊት ያልፋል። ትርጓሜውን ገና ባያውቀውም፥ በግእዝ ንባብ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደጋግሞ ሲያነበንብ የቃሉን ማንሣትና መጣል፥ ማጥበቅና ማላላት ጆሮው ስለሚለምደው፥ ልሳኑ ከአእምሮው ቀድሞ ግእዝን ይማራል።

ከዚያ በኋላ ዜማ ቤት ይገባል። የዚህ ትምህርት አባት በ6ኛው ምእተ ዓመት በአክሱም የተነሣው ቅዱስ ያሬድ እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፤ ግእዝ፥ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ስልቶች፥ እንዲሁም የዓመቱን በዓላት ሁሉ የሚያዳርሰው ድጓ በስሙ ይጠራሉ። ደቀ መዝሙሩ ምዕራፍን፥ ጾመ ድጓንና ድጓን ከየኔታ አፍ እየተቀበለ ሲቀጽል፥ ከቃሉ በላይ በደቂቅ ፊደል የተጻፉት ምልክቶች ይመሩታል፤ ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደት፥ ቁርጥ፥ ድርስና አንብር የሚባሉት ዐሥሩ ምልክቶችም ድምፁ የሚወጣበትን፥ የሚወርድበትንና የሚቆረጥበትን ያስታውቁታል። ነገር ግን ምልክቱ የሚያገለግለው ዜማውን ከመምህር ለሰማው ነው፤ ላልሰማው ዝም ይላል። ስለዚህ የዜማ ተማሪ ለዓመታት በየኔታ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ምስክርነቱን ለማግኘትም፥ ለድጓ በሀገራችን ወዳለው ቤተልሔም፥ ለዝማሬና ለመዋሥእት ወደ ዙር አምባ፥ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይጓዛል።

ቅኔ ቤት ሲደርስ ግን ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል። ግእዝ ዛሬ የማንም የእናት ቋንቋ ባለመሆኑ፥ ሰው በሰዋስው ብቻ ሊማረው የሚገባ ይመስላል፤ ሊቃውንቱ የመረጡት መንገድ ግን ቋንቋውን በመድረስ ማስተማር ነው። ተማሪው ግስ አውርዶ፥ ርባ ቅምርና አገባብ ሲጀምር፥ ወዲያው ሁለት ቤት (ስንኝ) ያለውን፥ ጉባኤ ቃና የተባለውን ቅኔ እንዲቆጥር ይታዘዛል፤ ከዚያም ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፥ አምስት ቤት ወዳለው ዋዜማ፥ በመጨረሻም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ከፍ ይላል። ቀን ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ሲያወጣና ሲያወርድ ይውልና፥ በየኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። መምህሩ ቤቱ የጎደለውን፥ አገባቡ የተፋለሰውን፥ ምሥጢሩ የሳሳውን ወዲያው ያርማል፤ ቀጥሎም ራሱ ቅኔ ዘርፎ የሰዋስውን መንገድ ያብራራል። ወርቅ አንጥረኛ ሰሙ ቀልጦ በተወው ቅርጽ ውስጥ ወርቁን እንደሚያፈስስ ሁሉ፥ ባለቅኔውም በሚሰማው ቃል ውስጥ የሚሰወረውን ምሥጢር ያኖራል፤ ሰምና ወርቅ የተባለውም ስለዚህ ነው። ዋሸራ፥ ጎንጅና ዋድላ በዚህ ጥበብ በየራሳቸው መንገድ የታወቁ ናቸው። በጎጃም ወንበር ዘርግተው ብዙ ደቀ መዛሙርት ያወጡት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ይህም ቅኔ በብራና ላይ ሳይሆን በጆሮና በልብ የሚኖር ጥበብ መሆኑን ያሳያል።

ሁለቱ ሕግጋት የሚገናኙት በማኅሌት ነው። ሌሊት ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፥ ከበሮው እየተመታ፥ በዝማሜና በመረግድ ሲያመሰግኑ፥ ባለቅኔው በመዝሙሩ መካከል ለዕለቱ በዓል የደረሰውን አዲስ ቅኔ ያቀርባል፤ ቃሉ ከዚያ ሌሊት በፊት ያልተሰማ ሲሆን፥ የሚዜምበት ስልት ግን ከያሬድ የተወረሰው ነው። አዲሱን ቃል ጥንቱ ዜማ ካልተሸከመው ሥርዓት አይኖረውም፤ ጥንቱም ዜማ አዲስ ቃል ካላገኘ የዛሬውን ሰው ምስጋና አያደርስም።

የእጅ ጥበቡም ከዚህ አይለይም። የፍየል ቆዳ ተወጥሮና ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ በመቃ ብርዕና በጥቁር ቀለም ይጻፍበታል፤ ቅዱሳት ስሞች በቀይ ይለያሉ፤ ከገጹም ራስ ሐረግ ይሣልበታል። ሠዓሊውም ከመምህሩ የተቀበለውን ሥርዓት ሲጠብቅ ቅዱሳንን በሁለት ዓይን፥ ዐመፀኞችን በአንድ ዓይን በጎን ያሳያል፤ ይህ ሥርዓት ግን እጁን አያስረውም፤ በ15ኛው ምእተ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን፥ በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘውን ሥዕለ ማርያም የሠራው በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ሆኖ ነው፤ እጁ ግን ከሌሎች ሁሉ ተለይቶ ይታወቃል።

የጉባኤው ፍሬ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭም ደርሷል። በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማረው ዮፍታሔ ንጉሤ የተውኔታችን ጀማሪ ከሆኑት አንዱ ነው፤ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት ሀዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የዚህን ትምህርት ዓለም በዋናው ገጸ ባሕርይ በበዛብህ ሕይወት አሳይተውናል። የአማርኛን ዝርው ጽሑፍ ያስተካከሉት እጆች ብዙዎቹ አስቀድመው የግእዝን አገባብ የተማሩ መሆናቸው አጋጣሚ አይደለም።

ዛሬ መጻሕፍቱ ታትመዋል፤ የመምህራኑም ድምፅ ተቀርጿል፤ ይህ መልካም ነው። ሆኖም የተቀረጸ ድምፅ የተማሪውን ስሕተት ሰምቶ አያርምም፥ የታተመም መጽሐፍ ቅኔውን ተቀብሎ ምሥጢሩ እንደ ሳሳ አይነግረውም። በአኮፋዳ ቁራሽ እየለመነ፥ ደበሎ ለብሶ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ቢራብ ትምህርቱን ይተዋል፤ መምህሩም ተተኪ ሳያፈራ ቢያርፍ ጉባኤው ይታጠፋል፥ የታጠፈንም ጉባኤ መልሶ መዘርጋት የዓመታት ሥራ ነው። እንግዲህ ለዚህ ትምህርት የሚያስብ ሁሉ ከሕንፃውና ከመጽሐፉ አስቀድሞ ለመምህሩ መተዳደሪያና ለተማሪው የዕለት ምግብ ያስብ፤ ጉባኤው የሚኖረው በእነርሱ ነውና።