የመርከብ ዜግነት

የጅማ ምድር ከባሕር የራቀ ነው። በጎማ፣ በሊሙ፣ በጌራ ወይም በማና የሚኖር ገበሬ የባሕር ውሃ ሳያይ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል። የሚያመርተው ቡና ግን ባሕርን ያውቃል። ከአጋሮ የተጫነ ቡና ወደ ጅማ ይመጣል፤ ከጅማም 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። በዚያ ተበጥሮና ደረጃው ተመርምሮ በጆንያ ከተሞላ በኋላ በኮንቴይነር ታሽጎ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር እያንዳንዱ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን 320 ጆንያ፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ግራም ቡና ይይዛል። ከዚያ ወዲያ የቡናው መንገድ ባሕር፣ መጓጓዣውም መርከብ ነው።

እስከ ጅቡቲ ድረስ ቡናውን የጫነው መኪና የማን እንደሆነ በሰሌዳው ቁጥር ተከታትሎ ማወቅ ይቻላል። የመርከብስ ሰሌዳ ምንድን ነው? ወደብ ላይ ቆማችሁ አንዲትን መርከብ ከበስተኋላዋ ብትመለከቷት ሁለት ስሞች ተጽፈውባት ታያላችሁ። አንደኛው የራሷ ስም ነው፤ ሁለተኛው የተመዘገበችበት ወደብ ወይም ከተማ ስም ነው። በአጠገቡም ባንዲራ ይውለበለባል። ይህ ባንዲራ ለጌጥ የተሰቀለ አይደለም፤ መርከቢቱ የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነች የሚያስታውቅ ምልክት ነው። በዚህ ምንባብ መርከብ ዜግነት የሚያስፈልጋት ስለምን እንደሆነ፣ ዜግነቷን ማን እንደሚመርጥላት፣ ምርጫውም ምን እንደሚያስከትል እንመለከታለን።

በየብስ ላይ የሚኖር ሰው ምንጊዜም ከአንድ መንግሥት ሕግ ሥር ነው። በአጋሮ ገበያ ሁለት ነጋዴዎች በሚዛን ቢጣሉ ዳኛው ቅርብ ነው። ሾፌር ደመወዙን ቢከለከል አቤት የሚልበት ፍርድ ቤት አለው። ከጠረፍ ርቆ የሚገኘው ሰፊ ባሕር ግን የማንም መንግሥት ግዛት አይደለም። ታዲያ በዚያ ሥፍራ መርከበኛ ቢቆስል፣ ጭነት ቢጠፋ ወይም ወንጀል ቢፈጸም የሚሠራው ሕግ የማን ነው? መንግሥታት የተስማሙበት መልስ «መርከቢቱ የምታውለበልበው ባንዲራ አገር ሕግ ነው» የሚል ነው። እንግዲህ መርከብን ማስመዝገብ ማለት ስሟን በአንድ መዝገብ ላይ ማስፈር ብቻ አይደለም፤ ለመርከቢቱና በውስጧ ለሚሠሩት ሰዎች ሕግና ዳኛ መምረጥ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመውና በ1994 በሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ይህን ጉዳይ በግልጽ ደንግጓል። በአንቀጽ 91 መሠረት እያንዳንዱ መንግሥት ለመርከቦች ዜግነቱን የሚሰጥበትን ሁኔታ ራሱ ይወስናል፤ ሆኖም በመንግሥቱና በመርከቢቱ መካከል እውነተኛ ትስስር መኖር አለበት። በአንቀጽ 92 መሠረት መርከብ የምትጓዘው በአንድ አገር ባንዲራ ብቻ ነው። እንደ አመቺነቱ እያለዋወጠች በሁለት ባንዲራ የምትጠቀም መርከብ ጭራሹን ዜግነት እንደሌላት ልትቆጠር ትችላለች። አንቀጽ 94 ደግሞ ባንዲራውን የሰጠው መንግሥት የመርከቢቱን ደኅንነት፣ የመርከበኞቹን ችሎታና የሥራ ሁኔታ የመቆጣጠር ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ስለዚህ ባንዲራ መስጠት መብት ብቻ ሳይሆን ኃላፊነትም ነው።

ምናልባት «ባሕር የሌለው አገር በመርከብ ጉዳይ ምን አገባው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 በባርሴሎና የወጣው መግለጫ የባሕር ጠረፍ የሌላቸው አገሮች ባንዲራቸውን በባሕር ላይ የማውለብለብ መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። ከላይ የተጠቀሰው የ1982ቱ ስምምነትም በአንቀጽ 90 ይኸንኑ መብት አጸና። በተራራ የተከበበችው ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1941 የባሕር መርከቦች መዝገብ ከፈተች። በስዊዘርላንድ መርከቦች ላይ የሚጻፈው የከተማ ስም ባዝል ሲሆን፣ ባዝል ከባሕር እጅግ ርቃ በራይን ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ የባሕር ሕጓን ያወጣችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ከአራት ዓመት በኋላም፣ በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ ምጽዋና አሰብ ነበሩ፤ የአገሪቱ መርከቦች ከራሷ ወደብ ተነሥተው ወደ ራሷ ወደብ ይመለሱ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስትሆን ወደቦቹ ከእርሷ ጋር ሄዱ። መርከቦቹ ግን የኢትዮጵያን ባንዲራ አላወረዱም፤ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው ድርጅትም በ2004 ዓ.ም. ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንዚትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ተባለ። ከመርከቦቹ አንዲቱ ጊቤ የሚል ስም ተሰጥቷታል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የተጓዘ ሁሉ የጊቤን ድልድይ ያውቀዋል። ወንዙ ራሱ ባሕር አይደርስም፤ ውሃው በኦሞ በኩል ቱርካና ሐይቅ ገብቶ በዚያው ይቀራል። ስሙ ግን በመርከብ ላይ ተጽፎ ውቅያኖስ ተሻግሯል።

ሁሉም የመርከብ ባለቤት ግን የአገሩን ባንዲራ አይመርጥም። ለዚህ ምክንያቱ የመርከብ መዛግብት በሁለት ዓይነት የሚከፈሉ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ዝግ መዝገብ ሊባል ይችላል። በዚህ መዝገብ የሚገቡት ባለቤቶቻቸው የአገሩ ዜጎች ወይም በአገሩ የተቋቋሙ ድርጅቶች የሆኑ መርከቦች ናቸው፤ ከመርከበኞቹም የተወሰኑት የአገሩ ተወላጆች እንዲሆኑ የሚያዝዝ ሕግ ያላቸው ብዙ ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት ክፍት መዝገብ ነው። ይህ የውጭ አገር ባለቤቶችን በክፍያ ይቀበላል፤ የገቢ ግብሩ ቀላል ነው፤ መርከበኞችን ደመወዝ ከሚረክስበት አገር ሁሉ መቅጠር ይፈቅዳል። ፓናማ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ላይቤሪያም ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ መንገድ ታላላቅ መዛግብትን አቋቁመዋል። ከእነርሱ ጋር የማርሻል ደሴቶች በዓለም ቀዳሚውን ሥፍራ ይዘዋል። የእነዚህ አገሮች ዜጎች እነዚያን ሁሉ መርከቦች የሠሯቸው ወይም የገዟቸው እንዳይመስላችሁ። የሰጡት ባንዲራቸውን ነው።

ባንዲራ በስም ብቻ ሲቀር ምን እንደሚደርስ ለመረዳት ሮሱስ የተባለችውን መርከብ ታሪክ መመልከት ይበቃል። ሮሱስ የሞልዶቫን ባንዲራ የምታውለበልብ አሮጌ መርከብ ነበረች። ሞልዶቫ እንደ እኛው የባሕር ጠረፍ የላትም። መርከቢቱን ያንቀሳቅስ የነበረው ሰው ነዋሪነቱ በቆጵሮስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መርከቢቱ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ከጆርጂያ ጭና ወደ ሞዛምቢክ ስትጓዝ ቤይሩት ወደብ ገባች። በዚያም ለጉዞ ብቁ አለመሆኗና ያልተከፈለ ዕዳ ያለባት መሆኑ ስለታወቀ እንዳትንቀሳቀስ ታገደች። ያንቀሳቅሳት የነበረው ሰው ትቷት ዞር አለ። አዛዡና ሦስት መርከበኞች ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ከመርከቢቱም ወርደው ወደ አገራቸው መሄድ ሳይፈቀድላቸው እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ በውስጧ ቆዩ። ባንዲራ ነበራቸው፤ ነገር ግን ባንዲራው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነባቸው። መርከቢቱ እዚያው ወደብ ውስጥ በ2018 ሰጠመች። ወደ መጋዘን የተዛወረው ጭነቷ ግን ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020) ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በሺህ የሚቆጠሩትንም አቆሰለ። ለዚህ ጥፋት ብዙ እጆች ተጠያቂዎች ናቸው፤ አደገኛውን ጭነት በከተማ መካከል ለዓመታት ያስቀመጡትም ከዚያው ውስጥ ናቸው። ይሁን እንጂ የጥፋቱ መንገድ የተጀመረው ተቆጣጣሪ ከሌላት መርከብ ነው።

ይህን በማንበብ «ክፍት መዝገብ ሁሉ ክፉ ነው» ወደሚል ድምዳሜ አትቸኩሉ። ከክፍት መዛግብት መካከል መርከቦቻቸውን በጥንቃቄ የሚመረምሩ አሉ፤ ከዝግ መዛግብትም መካከል ቸልተኞች አይጠፉም። ስለዚህ ወደቦች ያሏቸው አገሮች ወደ እነርሱ የሚመጡትን የውጭ መርከቦች ራሳቸው ይመረምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 በፓሪስ በተደረገ ስምምነት የአውሮፓ አገሮች ይህን ምርመራ በጋራ ማካሄድ ጀመሩ፤ የምርመራውንም ውጤት እየመዘኑ ባንዲራዎችን በየደረጃቸው ለይተው ያስታውቃሉ። መርከቦቹ ብዙ ጊዜ ጉድለት የተገኘባቸው ባንዲራ በዝቅተኛው ደረጃ ይመደባል፤ በእርሱ የሚጓዙትም ይበልጥ ይፈተሻሉ።

የመዝናኛ ጀልባም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደለችም። በጊልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ወይም በጣና ላይ የምትንሳፈፍ ጀልባ ከአገሯ ውሃ ስለማትወጣ የባንዲራ ምርጫ አይነሣባትም። ነገር ግን በባሕር ዳር አገር የሚኖር አንድ ወገናችን ባለ ሸራ ጀልባ ገዝቶ ከአገር ወደ አገር ሊጓዝባት ቢያስብ፣ አራት ጥያቄዎችን አስቀድሞ መመለስ አለበት።

አንደኛ፣ መዝገቡ እርሱን ይቀበለዋልን? ለምሳሌ በብሪታንያ ከ24 ሜትር ላነሱ ጀልባዎች የተለየ አነስተኛ መዝገብ አለ፤ ነገር ግን ባለቤቱ በዓመት ቢያንስ 185 ቀን በአገሪቱ የሚኖር መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ምዝገባው ምን ያረጋግጥለታል? የዚሁ የአነስተኛ ጀልባዎች መዝገብ ምስክር ወረቀት የጀልባዋን ዜግነት ያሳያል እንጂ የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም። ስለዚህ ጀልባዋን አስይዞ ከባንክ ለመበደር የፈለገ ሰው ወደ ዋናው መዝገብ መሄድ ይኖርበታል። ሦስተኛ፣ ግብሩስ? ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ሰው ከኅብረቱ ውጭ የተመዘገበች ጀልባውን ግብር ሳይከፍል በኅብረቱ ውሃ እስከ 18 ወር ሊያቆያት ይችላል። የኅብረቱ ነዋሪ ግን የውጭ ባንዲራ ስለሰቀለ ብቻ ከግብር አያመልጥም። አራተኛ፣ በባዕድ ወደብ ችግር ቢደርስበት ማን ይደርስለታል? ርካሽ መዝገብ የመረጠ ሰው ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቡናችን እንመለስ። ላኪው ቡናውን «ጅቡቲ መርከብ ላይ እስኪጫን» በሚል ውል ሲሸጥ መርከቢቱን የሚመርጠው ገዢው ነው። እንግዲያው የአጋሮ ገበሬም ሆነ የጅማ ነጋዴ በባንዲራው ላይ ድምፅ የለውም። ውጤቱ ግን ይነካዋል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ ገደማ እንዳይበልጥ በአልጋ ላይ እየተገላበጠ የደረቀ ቡና፣ በታገደች መርከብ ውስጥ በባሕር ወበቅ ለብዙ ሳምንት ቢቆይ ሊሻግት ይችላል። የተበላሸው ቡና ደግሞ ገዢው ዘንድ የሚታወሰው በመርከቢቱ ስም ሳይሆን በሊሙ ወይም በጅማ ስም ነው። ስለዚህ አስተዋይ ላኪ መርከቢቱን ባይመርጥም ስለ ዕድሜዋ፣ ስለ ምርመራ ታሪኳና ስለ ባንዲራዋ ይጠይቃል፤ የኢንሹራንስ ድርጅትም ይኸንኑ ይጠይቃል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የመርከብን ባንዲራ ግን የሚያወጣው ባለቤቷ ነው። ባለቤቱ በሚመርጥበት ጊዜ የሚያስበው ስለ ግብርና ስለ ክፍያ ብቻ ከሆነ፣ ዕዳውን የሚከፍሉት ምርጫውን ያላዩት ሰዎች ናቸው፤ ደመወዙ የቀረበት መርከበኛ፣ ወደቡ የተቃጠለበት ከተማ፣ ቡናው የሻገተበት ገበሬ። የቡና ጆንያ ላይ «ሊሙ» ተብሎ ሲጻፍ በውስጡ ያለው የሊሙ ቡና እንዲሆን እንጠብቃለን። በመርከብ ላይ የአንድ አገር ባንዲራ ሲሰቀልም ከኋላው የሚጠይቅና የሚጠየቅ መንግሥት እንዲኖር መጠበቅ ተገቢ ነው።

መልመጃ

1. በዝግ መዝገብና በክፍት መዝገብ መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
2. «ባንዲራ መስጠት መብት ብቻ ሳይሆን ኃላፊነትም ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከምንባቡ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ አብራሩ።
3. «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለሮሱስ መርከበኞች የተስማማው ለምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ የሚመረት አንድ ነገር ከማሳ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር ገበያ የሚደርስበትን መንገድ የሚገልጽ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።